እሳቱ ከመድረሱ በፊት፦ የሰደድ እሳት ትንበያና የእሳት ማጥፋት ውሳኔ

ሰደድ እሳትን መተንበይ ማለት አንድ የተነሳ እሳት በሚቀጥሉት ሰዓታት ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝና ምን ያህል እንደሚበረታ አስቀድሞ ማስላት ነው። ስሌቱ የሚፈለገው ለውሳኔ ነው። የእሳት ማጥፋት ዘመቻ የሚመራ አዛዥ ሠራተኞቹን በእሳቱ ፊት ያሰልፍ ወይስ ከጎን ያስገባ፣ የትኛው መንደር ቀድሞ ይልቀቅ፣ የትኛው መንገድ ይዘጋ፣ አውሮፕላኑ ውሃውን የት ይድፋ የሚሉትን ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ መመለስ አለበት። ትእዛዝ ተሰጥቶ፣ ሰው ተጓጉዞ፣ ዶዘር ቦታው ደርሶ ሥራ እስኪጀመር ሰዓታት ያልፋሉ። በእነዚህ ሰዓታት እሳቱ ቆሞ አይጠብቅም። አዛዡ የሚገጥመው ትእዛዙን ሲሰጥ ያየውን እሳት ሳይሆን ሠራተኞቹ ሲደርሱ የሚያገኙትን እሳት ነው።

ይህ ሙያ ባለፉት ስድስትና ሰባት አሥርት ዓመታት ከልምድ ግምት ወደ ቀመር፣ ከቀመር ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ሳተላይት ተሸጋግሯል። በየደረጃው ትንበያው ተሻሽሏል። ይሁንና ከታላላቆቹ አደጋዎች ተደጋግሞ የሚወጣው ትምህርት የተሻለ ስሌት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያሳያል። ትንበያ ሕይወት የሚያድነው ከነስህተቱ መጠን፣ ውሳኔ ከሚሰጠው ሰው እጅ፣ ሰዓቱ ሳያልፍ ሲገባ ነው።

እሳቱን የሚነዱት ሦስት ነገሮች

የእሳትን ግስጋሴ የሚወስኑት የሚቃጠለው ነገር፣ የአየሩ ሁኔታና የመሬቱ አቀማመጥ ናቸው። በሙያው አነጋገር የሚቃጠለው ነገር ሁሉ ነዳጅ ይባላል፤ ደረቅ ሣር፣ የረገፈ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ቁጥቋጦና የወደቀ ግንድ ሁሉም ነዳጅ ናቸው። ባለሙያዎች የሞተውን ነዳጅ የሚመድቡት በውፍረቱ ነው። ከ6 ሚሊ ሜትር የቀጠነው እርጥበቱን ከአካባቢው አየር ጋር ለማስተካከል አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 10 ሰዓት፣ እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 100 ሰዓት፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ደግሞ 1,000 ሰዓት ይፈልጋል። ጠዋት ጤዛ ያረፈበት ሣር ከሰዓት በኋላ ክብሪት የሚጠብቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራም ግንድ ግን የሚደርቀው ሳምንታት በዘለቀ ድርቅ ነው።

እሳቱን ወደፊት የሚያስሮጠው ቀጭኑ ነዳጅ ነው። የቀጭኑ ነዳጅ እርጥበት ከ25 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ በብዙ ዓይነት ዕፅዋት ውስጥ እሳት ራሱን መቀጠል ያቅተዋል። እርጥበቱ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ ደግሞ ነፋስ ይዟት የሄደች ፍንጣሪ ሁሉ አዲስ እሳት ልትለኩስ ትችላለች። በትንበያ ሥራ ውስጥ የነዳጅ እርጥበት በጥንቃቄ የሚለካው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በደብዛዛ እሳትና በአውዳሚ እሳት መካከል ያለው ልዩነት ስለሆነ ነው።

ከአየር ሁኔታ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ነፋስ ነው። ነፋስ ነበልባሉን ወደፊት አጋድሞ ገና ያልተቃጠለውን ነዳጅ እንዲያሞቅና እንዲያደርቅ ያደርገዋል፤ ፍንጣሪም ያሻግራል። ዳገትም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ነበልባል ወደ ላይ ስለሚወጣ ሽቅብ የሚነድ እሳት ከፊቱ ወዳለው ሣር ይጠጋል። የአውስትራሊያው ተመራማሪ አለን ማካርተር ባወጣው መመሪያ መሠረት ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሽቅብ እሳት ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል። ሜዳ ላይ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ እሳት በ20 ዲግሪ ዳገት ላይ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ሰው ዳገት ሲወጣ ይዘገያል፤ እሳት ይፈጥናል። ብዙ የእሳት ማጥፋት ሠራተኞች የሞቱት በዚህ ተቃራኒነት ነው።

ከማን ገልች እስከ ኮምፒውተር

ኦገስት 5 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ማን ገልች በተባለ ሸለቆ፣ 15 የፓራሹት እሳት አጥፊዎች ወርደው ከአንድ የአካባቢው የእሳት ጠባቂ ጋር ተገናኙ። እሳቱ ትንሽ ይመስል ነበር። ሠራተኞቹ ወደ ሚዙሪ ወንዝ ሲወርዱ እሳቱ በፍንጣሪ ተሻግሮ ከበታቻቸው ተነሳና መንገዱን ዘጋባቸው። ወደ ኋላ ዞረው ደረቅ ሣር በሸፈነው ቀጥ ያለ ዳገት ሽቅብ ሮጡ። የቡድኑ መሪ ዋግነር ዶጅ ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ ለኩሶ በተቃጠለው አመድ ላይ ተኛና ዳነ። ሁለት ሠራተኞች ጫፉ ላይ ደርሰው ተረፉ። የቀሩት 13 ሞቱ።

ይህ አደጋ የእሳትን ባህርይ በሳይንስ የማጥናት ሥራ እንዲጠናከር ካደረጉት ክስተቶች አንዱ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በዚያው በሞንታና፣ ሚዙላ ከተማ፣ የአሜሪካ የደን አገልግሎት የእሳት ሳይንስ ቤተ ሙከራ ተከፈተ። በቤተ ሙከራው የነፋስ ዋሻዎች ውስጥ የተለያየ ነዳጅ እየተደረደረ፣ ነፋሱና እርጥበቱ እየተቀያየረ፣ እሳት ይለኮስና ፍጥነቱ ይለካ ነበር። መሐንዲሱ ሪቻርድ ሮተርሜል በ1972 ያወጣው ቀመር የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

የቀመሩ ሐሳብ ቀላል ነው። እሳቱ ወደፊት የሚወረውረው ሙቀት ከፊቱ ያለውን ነዳጅ ለማቀጣጠል ለሚያስፈልገው ሙቀት ይካፈላል። ነፋስና ዳገት አካፋዩን ሳይነኩ ተካፋዩን ያሳድጋሉ። እርጥበት ደግሞ አካፋዩን ያሳድጋል፤ ከውስጡ ያለው ውሃ ሳይተን ነዳጁ አይቀጣጠልምና። የሚገኘው ውጤት የእሳቱ ፍጥነት ነው። ስሌቱን በሜዳ ለመጠቀም እንዲቻል የዕፅዋት ሽፋን በ13 የነዳጅ ዓይነቶች ተመደበ፤ በ2005 ወደ 40 ከፍ አለ። ሮተርሜል በ1993 ቀመሩን ወደ ማን ገልች መልሶ ሲያሰላ እሳቱ ሠራተኞቹ ሮጠው ሊያመልጡት የማይችሉት ፍጥነት ላይ እንደነበር አሳይቷል።

አውስትራሊያና ካናዳ በሌላ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ግብ ደረሱ። ማካርተር በጫካና በሣር ሜዳ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሙከራ እሳቶችን ለኩሶ ፍጥነታቸውን ከነፋስ፣ ከሙቀትና ከድርቀት ጋር እያመሳከረ መዘገበ። ውጤቱን በእጅ በሚሽከረከር ክብ መለኪያ ላይ አስፍሮ ለገጠር እሳት አጥፊዎች አደለ። የካናዳ ተመራማሪዎችም በጥድ ደኖች ውስጥ ባካሄዱት ሙከራ ላይ ተመሥርተው የእሳት ባህርይ ትንበያ ሥርዓታቸውን በ1992 አወጡ። የሮተርሜል መንገድ ከፊዚክስ ሕግ ይነሳል፤ የማካርተርና የካናዳውያኑ መንገድ ከታየው እሳት ይነሳል። ሁለቱም ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው።

እነዚህ ቀመሮች የሚናገሩት እሳቱ በአንድ አቅጣጫ ስለሚጓዝበት ፍጥነት ነው። ካርታ ላይ ለማስፈር ግን መላው ዙሪያው መታወቅ አለበት። ነፋስ የሚነዳው እሳት በተመሳሳይ ነዳጅና በሜዳ ላይ ሲሄድ የሞላላ ቅርጽ ይይዛል፤ ፊቱ ፈጣን፣ ጎኖቹ ዘገምተኛ፣ ጀርባው ደካማ ነው። በ1990ዎቹ ማርክ ፊኒ የሠራው ፋርሳይት የተባለ ፕሮግራም የሆላንዱ ሳይንቲስት ክርስቲያን ሃይገንስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ብርሃን ሞገድ ያቀረበውን ሐሳብ ተጠቀመ። በእሳቱ ዙሪያ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ትንሽ ሞላላ እሳት ምንጭ ተደርጎ ይወሰዳል፤ የሁሉም ሞላላዎች ውጫዊ ጠርዝ ሲገናኝ የሚቀጥለው ሰዓት የእሳት ድንበር ይሆናል። ነዳጁ፣ ተዳፋቱና ነፋሱ ከቦታ ቦታ ሲለዋወጡ ሞላላዎቹም ይለዋወጣሉ። በዚህ መንገድ ኮምፒውተር በደቂቃዎች ውስጥ የብዙ ሰዓት ግስጋሴ ይስላል።

ቁጥሩ ትእዛዝ የሚሆነው እንዴት ነው

ከትንበያ ውጤቶች ሁሉ ለሜዳ ሠራተኛ በቀጥታ የሚናገረው የነበልባል ርዝመት ነው። በአሜሪካ በሚሠራበት መመዘኛ መሠረት ነበልባሉ ከ1.2 ሜትር ካነሰ ሠራተኞች በአካፋና በመጥረቢያ ከእሳቱ ጠርዝ ጋር ተጠግተው ሊቆርጡት ይችላሉ። ከ1.2 እስከ 2.4 ሜትር ሲደርስ ሙቀቱ ሰው አያስጠጋም፤ ዶዘር፣ የውሃ ቦቴና አውሮፕላን ያስፈልጋል። ከ2.4 ሜትር ካለፈ በእሳቱ ፊት መቆም ብዙውን ጊዜ ጥቅም የለውም፤ ወደ ዛፎች አናት መውጣትና ፍንጣሪ መወርወር የሚጀምረውም በዚህ ደረጃ ነው። ስለዚህ ትንበያው «ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ የነበልባሉ ርዝመት 4 ሜትር ይሆናል» ካለ አዛዡ ሠራተኞቹን ከፊት አንስቶ ከጀርባ ወይም ከተቃጠለ ቦታ ጀምሮ በጎን በኩል እንዲሠሩ ያደርጋል፤ የፊቱን ሥራ እርጥበት ለሚመለስበት ሌሊት ያቆያል።

ሁለተኛው ውሳኔ የሰዓት ነው። ሚጌል ክሩዝና ማርቲ አሌክሳንደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት በደረቅ ወቅት በጫካና በቁጥቋጦ ውስጥ የሚሄድ እሳት ፍጥነት በግርድፉ የነፋሱን ፍጥነት አንድ አሥረኛ ያህል መሆኑን አሳይተዋል። ኮምፒውተር በሌለበት ለመጀመሪያው ሰዓት ውሳኔ የሚበቃ መመሪያ ነው። ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሆነ እሳቱ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በነፋሱ አቅጣጫ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ መንደር ሦስት ሰዓት አለው ማለት ነው። መንደሩን ለማስለቀቅ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ አዛዡ ለማሰብ አንድ ሰዓት የተረፈው ይመስላል።

ነገር ግን ትንበያው ስህተት አለው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት በእውነተኛ እሳቶች ላይ የተፈተኑ 1,278 የፍጥነት ትንበያዎችን ሰብስበው ሲያመዛዝኑ ከእውነታው ጋር ልክ የገጠሙት 35ቱ ወይም 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለጥሩ ሞዴል ተቀባይነት ያለው የስህተት ወሰን 35 በመቶ ወደላይ ወይም ወደታች እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል። ይህ ወሰን በምሳሌው መንደር ላይ ሲተገበር የእሳቱ ፍጥነት በሰዓት ከ2.6 እስከ 5.4 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። በዝግተኛው ስሌት እሳቱ መንደሩ የሚደርሰው ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በፈጣኑ ስሌት ግን ሁለት ሰዓት ከ13 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ከማስለቀቂያው ሁለት ሰዓት ላይ የሚተርፈው 13 ደቂቃ ነው።

አንድ ነጠላ ቁጥር ለአዛዥ መስጠት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። «ሦስት ሰዓት አለህ» የተባለ አዛዥ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። «ከሁለት ሰዓት ሩብ እስከ አራት ሰዓት ተኩል» የተባለ ግን ትእዛዙን ወዲያው ይሰጣል። ሳይንሱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ የተለየው አቀራረቡ ነው። ሰው ለማውጣት የሚወሰን ውሳኔ በመካከለኛው ግምት ላይ ሳይሆን ሊሆን በሚችለው ፈጣን እሳት ላይ መመሥረት አለበት። ስህተቱን የደበቀ ትንበያ ሊያድናቸው የሚችላቸውን ሰዎች አሳልፎ ይሰጣል።

ጥቁሩ ቅዳሜ

ትንበያ ከውሳኔ ሲለያይ ምን እንደሚያስከፍል የአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ግዛት በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 አይታለች። የዚያን ቅዳሜ የሜልቦርን ሙቀት 46.4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደረሰ። ከሰሜን ምዕራብ ደረቅና ኃይለኛ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በኪልሞር ኢስት አካባቢ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተበጥሶ እሳት ተነሳ። እሳቱ የሂዩም አውራ ጎዳናን ዘሎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ረጅምና ጠባብ መስመር ይዞ ተጓዘ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ68 እስከ 153 ሜትር ነበር፤ ከፍተኛው በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ፍንጣሪዎቹ ከዋናው እሳት እስከ 33 ኪሎ ሜትር ርቀው አዳዲስ እሳቶችን ለኮሱ።

ከሁሉም የከፋው ገና ይመጣ ነበር። ከአመሻሹ 11፡30 እስከ 12፡30 ባለው ጊዜ ነፋሱ ተገልብጦ ከደቡብ ምዕራብ መንፈስ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ደካማ ጎን የነበረው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የምሥራቅ ጠርዝ በአንድ ጊዜ የእሳቱ ፊት ሆነ። ጠባብ የነበረው እሳት በሰፊው ተዘርግቶ ወደ ኪንግሌክ ተራሮችና በዙሪያቸው ወዳሉ መንደሮች ወጣ። የጭሱ ደመና 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደረሰ። እሳቱ ከ12 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 100 ሺህ ሄክታር አቃጠለ። በዚያን ቀን በግዛቲቱ ከሞቱት 173 ሰዎች ውስጥ 119ኙ የሞቱት በዚህ አንድ እሳት ነው።

የነፋሱ መገልበጥ ድንገተኛ አልነበረም። የሜትሮሎጂ ቢሮው አስቀድሞ በትክክል ተንብዮት ነበር። የጎን ጠርዝ ወደ ፊትነት እንደሚለወጥ ደግሞ ከሞላላው ጂኦሜትሪ ቀጥሎ የሚመጣ ድምዳሜ ነው። በሜልቦርን በነበረው የድንገተኛ አደጋ ማስተባበሪያ ማዕከልም በተመራማሪው ኬቨን ቶልኸርስት የሚመራ የእሳት ባህርይ ባለሙያዎች ቡድን እሳቱ የሚደርስባቸውን አካባቢዎች የሚያሳዩ ካርታዎች አዘጋጅቶ ነበር። ካርታዎቹ ግን ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ መሠረት ሳይሆኑ ቀሩ። አደጋውን የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን በጁላይ 2010 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ማስጠንቀቂያዎች መዘግየታቸውንና ብዙ ነዋሪዎች በቂ መረጃ ሳያገኙ እሳቱ እንደደረሰባቸው አረጋገጠ፤ 67 የማሻሻያ ምክረ ሐሳቦችንም አቀረበ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ለውጥ ከሞዴሉ ይልቅ በሞዴሉና በአዛዡ መካከል ባለው መንገድ ላይ ያተኮረ ነበር። የእሳት ባህርይ ተንታኝ በግዛቱ የቁጥጥር ማዕከል ውስጥ መደበኛ የሥራ ቦታ ተሰጠው። ፊኒክስ ራፒድፋየር የተባለው ፕሮግራም ለአዳዲስ እሳቶች ወዲያውኑ የግስጋሴ ካርታ ለማውጣት አገልግሎት ላይ ዋለ። ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ በመላው አውስትራሊያ የሚሠራው አዲሱ የእሳት አደጋ መለኪያም አራት ደረጃዎች ብቻ አሉት፤ እያንዳንዱ ደረጃም ነዋሪው ምን ማድረግ እንዳለበት ከሚነግር ግልጽ መመሪያ ጋር ተያይዟል።

ሞዴሎቹ የሚደክሙበት ቦታ

ሞዴሎች በብዛት የሚሳሳቱት በሦስት ሁኔታዎች ነው። የመጀመሪያው ፍንጣሪ ነው። ነፋስ ይዞት የሚሄደው ፍም የት እንደሚያርፍና ያረፈበትን እንደሚለኩስ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። እሳቱ በፍንጣሪ እየዘለለ ሲሄድ በዙሪያው ተያይዞ የሚያድግ ሞላላ የሚለው ሐሳብ ይፈርሳል።

ሁለተኛው እሳቱ የራሱን አየር መፍጠር ሲጀምር ነው። ትልቅ እሳት የሚያወጣው ሙቅ አየር ወደ ላይ ሲመዘዝ ከዙሪያው አየር ስቦ የራሱን ነፋስ ያስነሳል። ጭሱ ወደ ነጎድጓድ ደመና ሲለወጥ መብረቅ ያወርዳል፤ ሲወድቅም ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ይለቅቃል። የተለመዱት ሞዴሎች ነፋሱን ከትንበያ ተቀብለው እሳቱን ያሰላሉ እንጂ እሳቱ ነፋሱን እንዴት እንደሚለውጥ አያሰሉም። ከሌላ ነጎድጓድ የሚመጣ የነፋስ ግልበጣም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው። በጁን 30 ቀን 2013 በአሪዞና ያርኔል ሂል በተባለ ቦታ 19 የእሳት አጥፊዎች ያለቁት በአቅራቢያ ከነበረ ነጎድጓድ የወጣ ነፋስ የእሳቱን አቅጣጫ ስለለወጠው ነው።

ሦስተኛው ከተማ ነው። በ40ዎቹ የአሜሪካ የነዳጅ ዓይነቶች ምደባ ውስጥ የከተማ መሬት የማይቃጠል ተብሎ ተመዝግቧል። ሞዴሉ እሳቱን እስከ መጀመሪያዎቹ ቤቶች አድርሶ ያቆመዋል። በጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተነሱት የፓሊሴድስና የኢተን እሳቶች ግን በደረቁ የሳንታ አና ነፋስ ተገፍተው ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበሉ ከ16 ሺህ በላይ ሕንፃዎችን አወደሙ። የነፋሱ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ በከተማ ውስጥ ቤት ራሱ ነዳጅ ሲሆን እሳቱ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሰላው መሣሪያ ግን ገና በመሠራት ላይ ነው።

አዳዲሶቹ መሣሪያዎች

ትንበያ የሚጀምረው እሳቱ አሁን የት እንዳለ ከማወቅ ነው። የመነሻ ድንበሩ ከተሳሳተ የቀረው ስሌት ሁሉ ይሳሳታል። ቪርስ የተባለው የሳተላይት መሣሪያ በ375 ሜትር ጥራት እሳትን ይለያል፤ በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፈው ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ነው። ከምድር ወገብ በላይ አንድ ቦታ ላይ የቆሙት የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች በየ5 ደቂቃው ይመለከታሉ፤ ጥራታቸው ግን 2 ኪሎ ሜትር ነው። በማርች 2025 የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተወነጨፈችለት የፋየርሳት ዕቅድ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። ግቡ ከ50 በላይ ሳተላይቶችን አሰማርቶ 5 በ5 ሜትር የሚያህል እሳትን በየ20 ደቂቃው መለየት ነው።

በስሌቱ በኩል ሦስት ለውጦች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው አንድ ካርታ በመሳል ፈንታ የነፋስና የእርጥበት ግምቶችን እየለዋወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ካርታዎችን ማውጣትና እያንዳንዱ ቦታ የሚቃጠልበትን ዕድል በመቶኛ ማሳየት ነው። ሁለተኛው እሳቱንና አየሩን አንድ ላይ የሚያሰሉ ሞዴሎች ናቸው፤ የአየር ትንበያ ሞዴልን ከእሳት ሞዴል ጋር የሚያጣምሩት ፕሮግራሞች እሳቱ በራሱ ላይ የሚያመጣውን ነፋስ ያሳያሉ፤ የሚጠይቁት የኮምፒውተር አቅም ግን ከፍተኛ ነው። ሦስተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ከብዙ ስሌቶችና ከእውነተኛ እሳቶች የተማረ ሥርዓት ሰዓታት የሚፈጀውን ስሌት በሰከንዶች ያወጣል። ድክመቱ ከተማረባቸው እሳቶች የተለየ እሳት ሲገጥመው ነው። ሰው የሚሞትባቸው እሳቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀድሞዎቹ የተለዩ ናቸው። ስለዚህ የማሽኑን ውጤት ከሜዳው ጋር የሚያመሳክር የሠለጠነ ተንታኝ አስፈላጊነት አልቀነሰም።

ከኢትዮጵያ ተራሮች አንጻር

ኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለችም። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና የተነሱት የደን ቃጠሎዎች ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ አዳርሰዋል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሳው እሳት የጓሳ ሣሩንና የአስታ ቁጥቋጦውን ይዞ በገደሎቹ ላይ ሲዘዋወር የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ለማጥፋት ቀናት ታግሏል። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል።

በእነዚህ ከፍተኛ ቦታዎች ለትንበያ የሚያስፈልገው መነሻ በአገር ውስጥ አለ። በባሌ ተራሮች አርብቶ አደሮች ያረጀውን አስታ በደረቅ ወቅት ለግጦሽ ሲያቃጥሉ ኖረዋል፤ በቅርብ ዓመታት የተቃጠለና ገና በማቆጥቆጥ ላይ ያለ አስታ እሳትን በቀላሉ እንደማያሳልፍ ያውቃሉ፤ በአካባቢው የተደረገ ሳይንሳዊ ጥናትም ይህንኑ አረጋግጧል። የትኛው ቁልቁለት መቼ እንደተቃጠለ የሚያሳይ ካርታ በራሱ የመጀመሪያው የትንበያ መሣሪያ ነው። የናሳ የሳተላይት የእሳት መረጃ በነፃ ይገኛል። ለመካከለኛ ኬክሮስ ጥድ የተሠራ ቀመር ለጓሳና ለአስታ እንዲያገለግል ግን በአገሩ ሣርና በአገሩ ነፋስ መፈተን አለበት፤ ከእሳቱ አቅራቢያ ነፋስና እርጥበት የሚለካ ጣቢያም ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ትንበያው የሚሄድበት መንገድ ነው። ማን ገልች ላይ ስሌቱ ገና አልተወለደም ነበር። ቪክቶሪያ ላይ ስሌቱ ነበረ፤ ሰዓቱ ሳያልፍ አልደረሰም። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ባሉት 60 ዓመታት ሳይንሱ ሩቅ ተጉዟል፤ የሚቀረው ሥራ በአብዛኛው የድርጅትና የሥልጠና ሥራ ነው። ማንኛውም አገር በውድ ሶፍትዌር ላይ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን መወሰን ይኖርበታል፦ ትንበያውን ማን ያወጣል፣ ለማን በስንት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፣ የደረሰውስ ሰው መንደር እንዲለቅ የማዘዝ ሥልጣን አለው ወይ። እነዚህ መልስ ያገኙበት ቦታ በግርድፍ መመሪያም ሰው ይድናል፤ መልስ ያላገኙበት ቦታ ትክክለኛው ካርታም ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።